ኢንሹራንስ ላስቆጣን ሁሉ፦ የጎረቤት ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በተለይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ነው፤ ሌላ ስቴት ያለ ወገንም ቢያነበው አይጎዳውም። የጻፈው ጠበቃም ሐኪምም አይደለም፣ ከየትኛውም ቢሮ አልተላከም። እንደ እናንተው በየደመወዙ የኢንሹራንስ ገንዘብ የሚቆረጥበት ጎረቤት ነው። ቀንና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዲሴምበር 4 ቀን 2024 ማለዳ የዩናይትድ ሄልዝኬር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ቶምፕሰን ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ በሂልተን ሆቴል ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። የ50 ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። በቦታው በተገኙት ጥይቶችና ቀለሃዎች ላይ ማዘግየትንና መከልከልን የሚያነሱ ቃላት ተጽፈው ነበር፤ ኢንሹራንሶች ይሠሩበታል እየተባሉ የሚወቀሱበት ዘዴ መሆኑ ነው። ኩባንያው በፌስቡክ ባወጣው የሐዘን መግለጫ ሥር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሳቅ ምልክቶች ተደረደሩ። የእኛም የቴሌግራምና የዋትስአፕ ግሩፖች ከዚህ አልራቁም። የማያውቀው ሰው ለቅሶ ቤት ሳይቀር ገብቶ ‹‹ነፍስ ይማር›› ማለት የማይታክተው ሕዝባችን፣ በሰው ሞት ቀልድ ሲቀባበል ማየት ያስደነግጣል። የሳቀው ግን ክፉ ስለሆነ አይደለም። የእናቱ ምርመራ የተከለከለበት፣ የልጁ መድኃኒት በቅድመ ፈቃድ ጥበቃ የዘገየበት፣ በየወሩ እየከፈለ ሲታመም ‹‹ይህ አይሸፈንም›› የተባለ ሰው ነው የሳቀው።

ቁጣው ልክ ነው። ልክ ነው የምንለውም ዝም ብለን አይደለም። የአሜሪካ ሴኔት የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ በኦክቶበር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ዩናይትድ ሄልዝኬር በሜዲኬር አድቫንቴጅ ሥር ያሉ አረጋውያን ከሆስፒታል ሲወጡ የሚያስፈልጋቸውን እንክብካቤ የከለከለበት መጠን በ2020 ከነበረው 10.9 በመቶ በ2022 ወደ 22.7 በመቶ ማሻቀቡን ገልጿል። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ድርጅት ደግሞ በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ የሲግና ሐኪሞች በሁለት ወር ውስጥ ከ300,000 በላይ የክፍያ ጥያቄዎችን እንደከለከሉ፣ ለእያንዳንዱም በአማካይ 1.2 ሴኮንድ እንዳዋሉ ጽፏል። በ1.2 ሴኮንድ የታማሚውን ስም አንብቦ መጨረስም ይከብዳል፤ የእኛን ስምማ ጭራሽ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህን ቁጣ የት እናውለው ነው።

ስለ ሟቹና ስለ ተከሳሹ ስናወራ

እናድርግ፦

• ስለ ኩባንያዎቹ አሠራር በግልጽና በማስረጃ እንናገር፤ ማስረጃ ያለው ወሬ ሕግ አውጪ ጆሮ ይደርሳልና።

• የተከለከልነውን ነገር በዝርዝር እንተርክ፤ የአንዳችን ታሪክ ለሌላው መንገድ ያሳያል።

• ግሩፕ ውስጥ የግድያ ቀልድ ሲመጣ አንድ ሰው ‹‹ተዉ›› ይበል፤ የሁላችን ዝምታ እንደ ድጋፍ ይቆጠራልና። በአገራችን ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲደባደብ አላፊ አግዳሚው ‹‹በሕግ አምላክ!›› ይል ነበር፤ ፖሊስ ባይኖርም ዱላው ይወርዳል። ለአንድ ግሩፕ አድሚን ይህ አይከብደውም።

• ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተው፤ በግድያው የተከሰሰው ሉዊጂ ማንጂዮኔ ጥፋተኛ አይደለሁም ብሏልና።

እንተው፦

• በሟቹ አንሳቅ፤ ልጆቻቸው ያንን ሳቅ ማንበብ ይችላሉ።

• የተከሳሹን ምስል እንደ ቅዱስ ሥዕል አንቀባበል፤ ወጣት ዓይን የሚያየው መልኩን እንጂ የሚጠብቀውን የእስር ዘመን አይደለም።

• ‹‹ቀጣዩ ማን ይሆን?›› አንበል፤ ከግድያው በኋላ ማንሃተን ውስጥ የሌሎች ኃላፊዎችን ምስል የያዙ ‹‹ይፈለጋል›› የሚሉ ፖስተሮች ተለጥፈው ነበርና፣ ቀልድ የት እንደሚቆም ቀልደኛው አይወስንም።

• ለፖሊስ የጠቆመን ሰው አናውግዝ፤ ተከሳሹ የተያዘበት በአልቱና፣ ፔንሲልቬንያ ያለው ማክዶናልድስ በስድብ አስተያየት ሲጥለቀለቅ ስድቡን የተቀበሉት በሰዓት እየተከፈላቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

‹‹እነሱስ በወረቀት አልገደሉም ወይ?›› የሚል ክርክር ይነሳል። ከባድ ክርክር ነው፤ በፌዝ አይመለስም። ግን እኛ በደም መመላለስ ስንት ቤት እንደተዘጋ ከአያቶቻችን የሰማን ሰዎች ነን። ደም የመለሰ ሰው የራሱን ደጅ ሲያዘጋ እንጂ ሕግ ሲያስተካክል አልታየም። የሟቹ ወንበር በጃንዋሪ 2025 በሌላ ሰው ተተካ፤ የክልከላ ደብዳቤውም መላኩን ቀጠለ። የየኩባንያው ኃላፊዎች ጥበቃ ተጠናከረ፤ ያ ወጪ ውሎ አድሮ ከማን ወርሃዊ ክፍያ እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም።

ከልጆቻችን ጋር

ይህን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ኤመርሰን ኮሌጅ በዚያው ዲሴምበር ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከጠቅላላው መላሽ 68 በመቶው ግድያው ተቀባይነት የለውም ሲል፣ ከ18 እስከ 29 ዓመት ካሉት ግን 41 በመቶው ተቀባይነት አለው ብለዋል። እነዚህ የሌላ ሰው ልጆች ብቻ አይደሉም፤ እሑድ ከእኛ ጋር እንጀራ የሚቆርሱም አሉበት። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቤቱን ደብዳቤ ሲተረጉሙ፣ ለእናታቸው ስልክ ሲደውሉ፣ ‹‹ተከልክሏል›› የሚለውን ቃል ከወላጃቸው በፊት ሲያነቡ ያደጉ ናቸው። ቁጣቸው ከእኛው ጓዳ የወጣ ነው።

• መጀመሪያ እንጠይቃቸው፤ ተጠይቆ የመለሰ ልጅ ሲመከርም ይሰማል።

• ‹‹ዝም በል፣ ያስይዝሃል›› ብለን ብቻ አንለፍ፤ ፍርሃት አፍን እንጂ ሐሳብን አይዘጋም።

• ቤት ውስጥ የደረሰውን ክልከላ አንደብቃቸው፤ የተደበቀ በደል ልጅ ልብ ውስጥ ያድጋልና።

• ይግባኙን አብረውን ይጻፉ፤ እንግሊዝኛቸው ከእኛ ይሻላል፣ ቁጣቸውም ሥራ ያገኛል።

• ሐኪም ፊት ግን ልጅ አናስተርጉም፤ ስለ እናቱ ዕጢ ለእናቱ የሚነግራት እሱ መሆን የለበትም። በፌዴራል ሕግም፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድላቸውም፤ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ የእነሱ ግዴታ ነው። የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ ያለ ሲሆን አማርኛም ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንጠይቅ እንጂ፣ አስተርጓሚ አለ።

ልጆቻችን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ያመጣሉ፦ ‹‹ጥይቱ ሠርቷል፤ አንተም የተባለው ኢንሹራንስ ማግሥቱን ወደ ኋላ ተመለሰ›› ይላሉ። አንተም ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ በኮነቲከት፣ በኒው ዮርክና በሚዙሪ ለማደንዘዣ ሕክምና የሚከፍለውን በሰዓት ሊገድብ አስቦ ነበር፤ ዕቅዱን የሰረዘውም ዲሴምበር 5፣ ከግድያው ማግሥት ነው። ቀኑን አንካድ፣ ልጆቹም አይተውታል። ግን ታሪኩን ሙሉውን እንንገራቸው። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር ዕቅዱ እንዲነሳ በይፋ የጠየቀው በኖቬምበር ነው፤ የየስቴቱ ባለሥልጣናትም ገብተውበታል። ያ ጥያቄ ቀድሞ ባይቀርብ ኖሮ ያን ዕለት የሚሰረዝ ነገር እንዳለ እንኳ ብዙ ሰው አያውቅም ነበር።

የክልከላው ደብዳቤ ሲመጣ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ አጥኚ ተቋም፣ በሄልዝኬር ዶት ጎቭ በኩል የሚሸጡ ኢንሹራንሶች በ2023 ከኔትወርካቸው ሐኪሞች ከመጣላቸው የክፍያ ጥያቄ 19 በመቶውን እንደከለከሉ አስልቷል። ይህ ያናድዳል። የበለጠ ሊያናድደን የሚገባው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከተከለከሉት ውስጥ ይግባኝ የተባለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ይግባኝ ከተባለባቸው ደግሞ ኢንሹራንሶቹ በውሳኔያቸው የጸኑት በ56 በመቶው ነው፤ የቀረው ተቀልብሷል።

የሳቅነው በአስር ሺዎች፣ አቤት ያልነው ከመቶ አንድ በታች። አያቶቻችን ወረዳ ሲከለክላቸው አውራጃ፣ አውራጃ ሲከለክላቸው ጠቅላይ ግዛት፣ ከዚያም እስከ ዙፋን ችሎት ስንቃቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ ለአንድ ማሳ ክርክር ዓመታት። እኛን ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ያደክመናል። ድካሙ የእውነት ድካም ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ ገብቶ በባዕድ ቋንቋ ስለ ‹‹ዲዳክቲብል›› ማንበብ አያምረውም። የሚከለክለው ወገንም የሚተማመነው በዚሁ ድካም ይመስላል።

እናድርግ፦

• ደብዳቤውን በመጣበት ቀን እንክፈተው፤ ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ከደረሰን ቀን እንጂ ካነበብንበት ቀን አይደለም።

• ምክንያቱን እንፈልግ፤ መልሱ እንደ ምክንያቱ ይለያያልና። ‹‹ለጤናው አስፈላጊ አይደለም›› ከተባለ የሐኪም ማስረጃ ይፈልጋል፤ ‹‹ቅድመ ፈቃድ አልተጠየቀም›› ከተባለ የሐኪሙ ቢሮ ጉዳይ ነው፤ የኮድ ስሕተት ከሆነ ደግሞ በአንድ ስልክ ሊያልቅ ይችላል።

• ለኢንሹራንሱ ራሱ የሚቀርበውን የመጀመሪያ ይግባኝ በ180 ቀን ውስጥ እናስገባ፤ ከዚያ ካለፈ እውነት ቢኖረንም የሚሰማን አናገኝም።

• ሐኪማችን የሕክምናውን አስፈላጊነት የሚያስረዳ ደብዳቤ እንዲጽፍልን፣ የኢንሹራንሱንም ሐኪም በስልክ እንዲያነጋግር እንጠይቅ፤ ሐኪም ለሐኪም ሲናገር ብዙ ነገር ይፈታል።

• ኢንሹራንሱ የወሰነበትን ሙሉ ፋይል እንጠይቅ፤ በነጻ የማግኘት መብት አለን፣ የከለከለንን መመሪያ ሳናይም መልስ መስጠት አንችልም።

• ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ‹‹አስቸኳይ›› ብለን በጽሑፍ እናሳውቅ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸውና። ገና ላልተደረገ ሕክምና 30 ቀን፣ ለተደረገ ደግሞ 60 ቀን አላቸው።

• በመጀመሪያው ካልተሳካ ወደ ውጭ ገምጋሚ እንሂድ፤ ይህ ከኢንሹራንሱ ነጻ የሆነ ወገን ነው፣ የወሰነውም በኢንሹራንሱ ላይ ይጸናል። የመጨረሻው የክልከላ ውሳኔ ከደረሰን ጀምሮ አራት ወር አለን፤ ውሳኔው በ45 ቀን ይመጣል፤ ክፍያ ቢኖረው ከ25 ዶላር አያልፍም። ብዙ ሰው እዚህ ሳይደርስ ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

• የላክነውን ሁሉ ቅጂ እናስቀር፣ በሰርቲፋይድ ሜይል ወይም ማረጋገጫ ባለው ፋክስ እንላክ፤ ‹‹አልደረሰንም›› የሚለው መልስ የተለመደ ነው።

እንተው፦

• ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አንክተተው፤ የተደበቀ ደብዳቤ ቢል ሆኖ ይመለሳል።

• ተከለከለ ብለን መድኃኒት በራሳችን አናቋርጥ፤ ሐኪሙ ሌላ አማራጭ ወይም የሙከራ እሽግ ሊኖረው ይችላልና መጀመሪያ እንደውልለት።

• የጎረቤትን ይግባኝ ቃል በቃል አንገልብጥ፤ የእሷ ስኳር የእኛ ስኳር አይደለም።

• ‹‹እኔ አስጨርስልሃለሁ›› ለሚል ደላላ ገንዘብ አንስጥ፤ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ ማለት በነጻ ነው፣ ማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራችን ግን ውድ ነው።

• ጎፈንድሚ ከመክፈታችን በፊት ይግባኝ ማስገባት አንርሳ፤ ኢንሹራንሱ ሊከፍለው የሚገባውን የወገን ኪስ እንዳይከፍለው።

ይግባኙ የማን ሥልጣን ሥር እንደሆነ ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ኢንሹራንሱ በሥራ ቦታ የተገኘና አሠሪው ራሱ ከኪሱ የሚከፍልበት ዓይነት ከሆነ የሚመለከተው የፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር ነው፤ ይህን የሥራ ቦታችን የሰው ኃይል ክፍል ይነግረናል። ራሳችን የገዛነው ከሆነ ደግሞ የስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አለ። በሜሪላንድ የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ቢሮ የጤና ትምህርትና ጥብቅና ክፍል አለው፤ ታማሚዎችን በይግባኝ የሚረዳ ነው። በዲሲ የጤና ጥበቃ እንባ ጠባቂ ቢሮ አለ። በቨርጂኒያ የኢንሹራንስ ቢሮ አለ። እነዚህ ሁሉ እኛን ለማገልገል የቆሙ የመንግሥት ቢሮዎች ናቸው፤ ብናስቸግራቸው ነውር የለውም።

ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው፤ በጥቅሉ ከ180 ቀን ያጥራል። በተለይ ወላጆቻችን በሜዲኬይድ ሲያገኙት የነበረ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ነው የሚል ደብዳቤ ከመጣ አንዘግይ። በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ብለን፣ ‹‹ውሳኔው እስኪመጣ አገልግሎቱ ይቀጥል›› ብለን አብረን ከጠየቅን ሊቀጥል ይችላል፤ በመጨረሻ ከተፈረደብን ግን የዚያን ጊዜ ወጪ ልንጠየቅ እንደምንችል እናስብበት።

ስልክ ላይ

ከግድያው በኋላ በነበረው ሳምንት ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት እናት የክፍያ ጥያቄዋ ተከልክሎ ከኢንሹራንሷ ጋር በስልክ ስትነጋገር፣ በጥይቶቹ ላይ የተጻፉትን ቃላት ደግማ ‹‹ቀጣዮቹ እናንተ ናችሁ›› አለች። ጥሪው ይቀዳ ነበር። ተያዘች፤ የ100,000 ዶላር ዋስትናም ተጠየቀባት። ያለችውን ትፈጽመው ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ያ የክፍያ ጥያቄ ግን ያን ዕለት ተረሳ፤ የተወራው ስለ ዛቻዋ ብቻ ሆነ። ከእኛ ወገን ዜግነት ያላገኘ ሰው ቢሆን ደግሞ የወንጀል ክስ ከፍርድ ቤቱም አልፎ ኢሚግሬሽን ፋይሉ ድረስ ይሄዳል።

• ከመደወላችን በፊት የምንጠይቀውን በወረቀት እንጻፍ፤ የተናደደ ሰው ዋናውን ጥያቄ ይረሳል።

• ‹‹አማርኛ አስተርጓሚ›› ብለን እንጠይቅና እንጠብቅ፤ በግማሽ እንግሊዝኛ የተባለ ነገር በኋላ በእኛው ላይ ይተረጎማል።

• ያነጋገረንን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጥሪውን መለያ ቁጥር እንመዝግብ፤ ይግባኙ ላይ ምስክራችን እሱ ነው።

• ‹‹የበላይህን አገናኘኝ›› ማለት ይቻላል፤ መብት ነው፣ ስድብ አይደለም።

• አንዛት፣ በቀልድም ቢሆን፤ መዝጋቢው ማሽን ቀልድ አይለይም።

• ደሙ የፈላበት ሰው ስልኩን ይዝጋና ነገ ይደውል፤ ቀነ ገደቡ አንድ ቀን ይታገሣል።

ከመስኮቱ ማዶ ስላሉት

የሐኪም ቤቱ እንግዳ ተቀባይ፣ የፋርማሲዋ ልጅ፣ ስልክ አንሺው፣ ማናቸውም ክልከላውን አልወሰኑም። በዚህ አካባቢ ደግሞ ከእነዚህ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ነርስ የሆነች፣ የቤት ውስጥ ተንከባካቢ የሆነች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ የሌለችበት ቤተሰብ ካለ ጥቂት ነው። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ቀን የሰሙትን ስድብ ይዘው ይመለሳሉ።

ስድቡ ብቻ ቢሆን ደግ። ጁን 1 ቀን 2022 በተልሳ፣ ኦክላሆማ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሕመሙ አልለቅ ብሎት ጠመንጃ ገዝቶ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄደ። የቀዶ ሐኪሙን፣ ሌላ ሐኪም፣ የቢሮውን ሠራተኛና ለጉዳይ የመጣ አንድ አዛውንት ገደለ። ሕመሙ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ከሞቱት አራት ሰዎች ግን ሕመሙን ሊያስታግሥለት የሚችለው ምናልባት አንዱ ነበር፤ እሱንም ገደለው።

• ሠራተኛዋን በስሟ እንጥራት፤ ስሟ የተጠራ ሰው ለመርዳት ይቀርባል።

• ‹‹ይህን የወሰነው ማነው? ጥያቄዬን ለእሱ እንዴት ላድርስ?›› እንበል፤ ጥያቄው ትክክለኛው ሰው ጋ እንዲደርስ።

• መስኮት ፊት አንጩህ፤ ከኋላችን የቆመው ታማሚ ተራው እስኪደርስ በፍርሃት ይጠብቃልና።

• ከእኛ መካከል አንድ ሰው ‹‹እገድለዋለሁ››፣ ‹‹እኔም አልኖርም›› ማለት ካበዛ ቀልድ ነው ብለን አንለፈው፤ ሕመም፣ ዕዳና ብቸኝነት ሲደራረቡ ሰው ራሱንም ሌላውንም ሊጎዳ ይችላል። አብረነው እንቀመጥ፣ ብቻውን አንተወው። በ988 ሌሊትና ቀን የሚያነሳ ሰው አለ፤ በአስተርጓሚም ማነጋገር ይቻላል። ጦር መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይውጣ።

ቢሉ ከመጣ

በአጭሩ፦

• ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ኢመርጀንሲ እንሂድ፤ ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ሆስፒታሉ ገንዘብ ሳይጠይቅ መርምሮ ማረጋጋት አለበት።

• ኢመርጀንሲው ከኔትወርክ ውጪ ነበር ተብሎ ተጨማሪ ቢል ከመጣ እንቃወመው፤ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሕግ ይከለክለዋል። በመንገድ የሚሄድ አምቡላንስን ግን ያ ፌዴራላዊ ሕግ አያካትትም፤ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

• ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ከሆነ የዕርዳታ ማመልከቻውን እንጠይቅ፤ ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል።

• ዝርዝር ቢል ሳናይ አንክፈል፤ ያልተደረገልን ምርመራ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

• ሐፍረት ይዞን ዝም አንበል፤ ዝም ያለ ቢል ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል።

አብረን የምናደርገው

ዕድር ያቋቋምነው የአንድ ቤት ሐዘን ለአንድ ቤት ስለሚከብድ ነው። የክልከላ ደብዳቤም እንደዚያው ይከብዳል። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን በሆስፒታል ቢል ክፍል የሚሠራ፣ በነርስነት ያገለገለ፣ ሕግ የተማረ ሰው አይጠፋም። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ በወር አንዴ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ማተሚያ ቢኖር ብዙ ይግባኝ ይጻፋል።

• የክልከላ ታሪኮቻችንን ስምና በሽታ ሳንጠቅስ እንሰብስብ፤ የምክር ቤት አባል ፊት አንድ ሰው ቅሬታ አቅራቢ ነው፣ አርባ ሰው ግን መራጭ ነው።

• ለስቴት ምክር ቤቶቻችንና ለኮንግረስ አባሎቻችን እንጻፍ፣ ስብሰባቸው ላይ እንገኝ፤ የቅድመ ፈቃድ ሕጎች የሚጠብቁት እዚያ ነው።

• ቃል የገቡትን እንያዝባቸው፤ በጁን 2025 ታላላቆቹ ኢንሹራንሶች የቅድመ ፈቃድ ጥያቄን እንደሚቀንሱ፣ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶም በሕክምና ላይ ሆኖ ኢንሹራንስ ለሚቀይር ሰው የቀድሞውን ፈቃድ ለ90 ቀን እንደሚያከብሩ አስታውቀዋል። ሕግ ሳይሆን ቃል ነው፤ የሚጠየቅበት ሰው ካልተገኘ ይረሳል።

• በኖቬምበር የምዝገባው ጊዜ ሲከፈት ዋጋውን ብቻ አይተን አንመዝገብ፤ ሐኪማችንና መድኃኒታችን በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አብረን እንፈትሽ።

• የፖለቲካ ጸብ ወደ ጠረጴዛው አናምጣ፤ እንደ አገር ቤት ወሬያችን ከተከፋፈልን ደብዳቤዎቹ ሳይነበቡ ይቀራሉ።

• የሰው የሕክምና ወረቀት ፎቶ አንስተን ግሩፕ ላይ አንለጥፍ፤ ለመርዳት ብለንም ቢሆን፣ የወረቀቱ ባለቤት ያላወቀችውን ዘመድ ቀድሞ ያነባልና። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወደ ባለቤቷ እጅ ይመለስ፣ ቅጂው በእሷ ፖስታ ይቀመጥ፣ ቀነ ገደቡ በፖስታው ላይ በትልቁ ይጻፍ።